ዳሌዬን ያመኛል ስትዪ ጣትሽ የት ላይ ያርፋል?

ጥያቄ፦ «47 ዓመቴ ነው፤ መምህርት ነኝ። ከሰባት ወር ወዲህ ቀኝ ዳሌዬን በጎን በኩል ያመኛል። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም፤ ደረጃ ስወጣም ይብሳል። ራጅ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ። የሚያመኝ ቦታ ላይ መርፌ ተወግቼ አንድ ወር ያህል ተሻለኝና ተመልሶ መጣ። እናቴ አምና ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ኳሱ በብረት ተተክቶላታል። የእኔም እየተበላ ይሆን? አንዱ ነርቭ ነው ይለኛል፣ ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ጋ ሂጂ ይለኛል። ዳሌ ራሱ እንዴት ነው የተሠራው? እናቴስ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ማፍላት ትችላለች?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ፍርሃትሽን ላቅልልሽ። የጻፍሽው ነገር የተበላ መገጣጠሚያ አይመስልም። ግን አይዞሽ ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። ምክንያቱን በገዛ እጅሽ ዳስሰሽ እንድታውቂው ነው የምፈልገው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ዳሌዬን ብሎ የሚመጣ ሰው የማላይበት ሳምንት የለም። ሁሉንም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ጣት አሳየኝ።

ለምን መሰለሽ? ዳሌ የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። አንዷ ዳሌዬን ብላ መቀመጫዋን ትይዛለች። ሌላዋ ጎኗን። አንዱ ብሽሽቱን ይጠቁማል፣ ሌላው የወገቡን ግርጌ። ቃሉ አንድ ነው፣ ውስጥ ያለው ግን ለየቅል ነው። ሕመሙም ሕክምናውም እንደዚያው። ታካሚው አንዱን ሲናገር ሐኪሙ ሌላውን ሰምቶ ራጅ ሲያዝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጊዜም ገንዘብም የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

እስኪ ተነሺና ቁሚ። የተቆጣ ሰው እንደሚያደርገው ሁለት እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ። እጅሽ ያረፈበት የአጥንት ጠርዝ የዳሌ አጥንትሽ ላይኛው ጫፍ ነው። ለቀዶ ሕክምና ወገብ ላይ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያም መርፌውን ከማስገባቱ በፊት ይህንኑ ጠርዝ ግራና ቀኝ ይዳስሳል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር አራተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ያደርሰዋል። አሁን ከጠርዙ በጎንሽ በኩል ቀጥ ብለሽ አንድ መዳፍ ያህል ውረጂ። ጣትሽን ጫን አድርገሽ ያዢና እግርሽን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አዟዙሪው። ከጣትሽ ስር የሚንቀሳቀስ ጠንካራ ጉብታ አገኘሽ? ብዙ ሰው ይህን የዳሌ አጥንት ይለዋል። አይደለም። የጭን አጥንት ነው። ይህችን ጉብታ አትርሻት፣ የአንቺ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ሌላም አለ። ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ከመቀመጫሽ ስር ብታስገቢ ሁለት አጥንቶች መዳፍሽን ይወጉሻል። እነሱ የዳሌ አጥንት ታችኛው ጫፍ ናቸው። የጭን የኋላ ጡንቻዎች የሚነሱት ከዚያ ነው። ኳስ ተጫዋች ሲሮጥ ድንገት ጭኑን ከኋላ ይዞ የሚወድቀው ከእነዚህ ጡንቻዎች አንዱ ሲተረተር ነው።

ዳሌ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ አጥንቶች ከፊት፣ ከብልት በላይ ይገናኛሉ። ከኋላ የአከርካሪው ግርጌ በመሃላቸው እንደ ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ ራሱ አምስት አጥንቶች ተዋህደው የሠሩት ነው። የግራና የቀኙም እያንዳንዳቸው በልጅነት ሦስት አጥንት ነበሩ፤ ሦስቱ የሚገናኙት በትክክል የጭኑ ኳስ፣ ማለትም የጭን አጥንት ክብ ራስ፣ በሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው፣ የሚዋሃዱትም በጉርምስና ዕድሜ ነው። ጨቅላ ልጅ ላይ ይህ ጎድጓዳ ገና ለስላሳ ነው፣ ቅርጹን የሚይዘው ኳሱ መሃሉ ላይ ሲያርፍለት ነው። ለዚህ ነው ልጅን በአንቀልባ፣ እግሩን ከፍቶ ጀርባችንን እንዲያቅፍ አድርገን ማዘላችን ለዳሌው ጥሩ የሆነው። እግሩን አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ግን ይጎዳዋል። እናቶቻችን ያወቁበት ነገር ነውና አንቀልባ አሮጌ ነው ብሎ የሚተው ወላጅ ሳይ ይቆጨኛል።

የጎድጓዳው የላቲን ስም የኮምጣጤ ጽዋ ማለት ነው። እኔ ግን ሲኒ እለዋለሁ፣ ለእኛ ይቀርባል። ሲኒው ውስጥ የጭን አጥንት ራስ ይገባል፤ ክብ ነው፣ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ነው። የሲኒው ከንፈር ዙሪያውን ጎማ በመሰለ ቀለበት ተከቧል። ቀለበቱ ኳሱን አንቆ ይይዝና አየር እንዳይገባ ይዘጋዋል።

ቅርጫ ሲታረድ አጠገቡ ቆመሽ ታውቂ ይሆናል። የበሬው የኋላ እግር ከዳሌው ሲለይ አስተውለሻል? ቢላዋው ዙሪያውን ቆርጦ ጨርሶም እግሩ ወዲያው አይወጣም። ሰውየው ጠምዘዝ አድርጎ ይስበዋል። «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ነጭ፣ እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ ኳስ ብቅ ይላል፣ ጫፉ ላይ አጭር ነጭ ገመድ ተንጠልጥሎ። የአንቺም መገጣጠሚያ አሠራሩ እንዲሁ ነው። ያ የሚያብለጨልጨው ሽፋን ነው «ተበላ» የሚባለው። ሲሳሳ ራጁ ላይ በኳሱና በሲኒው መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ይህ መገጣጠሚያ የተቀበረው በጥልቀት፣ ከብሽሽትሽ መሃል ጀርባ ነው፤ ጎንሽ ላይ አይደለም። ስለዚህ መገጣጠሚያው ሲታመም ሰው ብሽሽቱን ነው የሚይዘው፣ ወይም አውራ ጣቱን ወደ ኋላ፣ አራቱን ጣቶች ወደ ፊት አድርጎ ጎኑን እንደ ብርጭቆ ይጨብጣል። አንዳንዴም ሕመሙ ወደ ጭን ወርዶ ጉልበት ላይ ይሰማል፣ ሁለቱን የሚያገለግሉት ነርቮች የጋራ ናቸውና። ጉልበቴን እያለ የሚያነክስ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ይህን ያዙልኝ፤ ጉልበቱ ደህና ነው ከተባለ ዳሌው ይታይ፣ ሳይውል ሳያድር።

አንቺ ግን ጎኔን ነው ያልሽው። አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቅሽ። ካልሲሽን ቁጭ ብለሽ ያለ ችግር ታጠልቂያለሽ? መገጣጠሚያው የተበላበት ሰው ካልሲ ማጥለቅና የእግር ጥፍር መቁረጥ ይቸግረዋል፣ ምክንያቱም ኳሱ በሲኒው ውስጥ እንደ ልብ አይዞርለትም። አንቺ ካልሲው ካላስቸገረሽ፣ ራጁም ንጹሕ ከሆነ፣ ጉብታዋን ስትጫኛት ደግሞ «እሷ ናት!» የሚያሰኝሽ ከሆነ፣ ጉዳዩ የመገጣጠሚያ ሳይሆን የጅማት ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ማለቴ ነው። ራጅ ጅማትን አያሳይም፣ ለዚህ ነው ምንም የለም የተባልሽው። ምንም የለም ማለት አጥንቱ ላይ የለም ማለት ነው።

ጉብታዋ ላይ የሚታሰሩት ሁለት ጡንቻዎች ከዳሌ አጥንት ውጫዊ ገጽ፣ ቅድም እጅሽን ካሳረፍሽበት ጠርዝ ስር ይነሳሉ። ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ከኋላ የሚታየው ነው። እነዚህ ወደ ጎን ያሉ፣ በከፊል ከሱ ስር የተደበቁ ናቸው። የሁለቱን ሥራ ብዙ ሰው አያውቀውም። በእግርሽ ስትሄጂ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ እግርሽ አየር ላይ ነው፣ መላ አካልሽ በአንዱ ቆሟል። ያኔ ዳሌሽ ወደ ተነሳው እግር በኩል እንዳይወድቅ ከዚህኛው ጎን ስበው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሲደክሙ ሰውየው እንደ ዳክዬ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ይሄዳል። ትሬንደለንቡርግ የሚባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ይህን እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፎት እስከ ዛሬ ምርመራው በስሙ ይጠራል።

ጫናው ምን ያህል እንደሆነ ልንገርሽ። ባልዲ ክንድሽን ዘርግተሽ ብትይዢ ከጎንሽ አስጠግተሽ ከመያዝ ይልቅ ይከብድሻል አይደል? ዳሌ ላይም እንዲሁ ነው። የሰውነትሽ ክብደት ከኳሱ ራቅ ብሎ ወደ መሃል ይጎትታል፣ ጡንቻው ግን ከኳሱ በአጭር ርቀት ላይ ሆኖ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ከክብደትሽ በላይ መሳብ አለበት። ኳሱን ከአጥንቱ ግንድ ጋር የሚያገናኘው የጭን አጥንት አንገት ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ 125 ዲግሪ አካባቢ ማዕዘን ሠርቶ የወጣው ለዚሁ ነው፣ ጉብታዋን ከኳሱ አርቆ ለጡንቻው ጉልበት ሊሰጠው። እንዲያም ሆኖ ሰው በመደበኛ እርምጃ ሲሄድ ኳሱ ላይ የሚያርፈው የሰውነቱ ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። 60 ኪሎ ከሆንሽ 150 ኪሎ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ። ደረጃ ላይ ደግሞ ይጨምራል። ደረጃው ለምን እንደሚያምሽ አሁን ገባሽ?

ሌሊቱስ? ከዳሌ ጠርዝ ተነስቶ በጭንሽ ውጫዊ ጎን እስከ ጉልበትሽ ስር የሚወርድ እንደ ሰፊ ቀበቶ ያለ ጠንካራ ሽፋን አለ። ጉብታዋን የሚያልፈው በላይዋ ነው። እግርሽ ወደ መሃል ሲያልፍ ይወጠርና ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር ይጨፈልቀዋል። በሚያመው ጎን ስትተኚ ፍራሹ ይጫነዋል። በደህናው ጎን ስትተኚ ደግሞ የላይኛው እግርሽ ወደ ፊት ወድቆ ያው ሽፋን ይወጠራል። ዞር ብለሽም አታመልጪም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በደህናው ጎን ተኝተሽ ከጉልበትሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ድረስ በሁለቱ እግሮችሽ መሃል ወፈር ያለ ትራስ አድርጊ። ዛሬ ማታ ሞክሪው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውዪ። መምህርት ነኝ ብለሻል። ስታስተምሪ እንዴት ነው የምትቆሚው? አብዛኞቻችን ረጅም ሰዓት ስንቆም በአንድ እግር ላይ «እንንጠለጠላለን»፣ አንዱን ዳሌ ወደ ጎን ገፍተን፣ ሌላውን እግር አሳርፈን። ያ አቋቋም ጅማቱን ቀኑን ሙሉ ሲጨፈልቀው ይውላል። ቅዳሴ የምትቆሚ ከሆነም መቋሚያሽን ይዘሽ በአንድ ዳሌ አትደገፊ፣ ሁለቱን እግርሽን ከፈት አድርገሽ እኩል ቁሚ። እግር አጣምሮ መቀመጥም ለጊዜው ይቅርብሽ። ቦርሳ ስትሸከሚ በሚያመው ጎን ያዢ፣ ግራ ቢያጋባሽም ለጡንቻው የሚቀለው እንደዚያ ነው። ከዘራ ከሆነ ግን በተቃራኒው፣ በደህናው ጎን እጅ ነው የሚያዘው። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል፣ ጥቅሙንም ያሳንሰዋል።

መርፌውን በተመለከተ። የተወጋሽው ኮርቲዞን የሚባለው ቁጣና እብጠት ማስታገሻ መድኃኒት ይመስለኛል። ድሮ ይህን ሕመም በጉብታዋ ላይ ያለች የፈሳሽ ከረጢት ተቆጥታ ነው ብለን ነበር የምናስበው። አሁን አብዛኛው ጉዳይ የጅማቱ እንደሆነ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ላይ 204 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ነበር፤ አንዱ ቡድን ምክርና እንቅስቃሴ፣ አንዱ የኮርቲዞን መርፌ፣ ሌላው ዝም ብሎ መጠበቅ። ከ8 ሳምንት በኋላ ተሽሎኛል ያሉት በእንቅስቃሴው ቡድን ከመቶ 77፣ በመርፌው 58፣ በመጠበቁ 29 ነበሩ። ከዓመት በኋላም ብዙ ሰው ተሽሎኛል ያለው በእንቅስቃሴው በኩል ነበር። ስለዚህ መርፌው ማስታገሻ ነው፣ ጅማቱን አያጠነክርልሽም። የአንድ ወሩን እፎይታ ያገኘሽው፣ ሕመሙም የተመለሰው በዚህ ነው።

ምን ትሠሪያለሽ? ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፊ፣ ከጉልበትሽ በላይ ነጠላ እሰሪና ጉልበቶችሽን በቀስታ ወደ ውጭ ግፊ፤ ነጠላው ይያዝሽ፣ እግርሽ አይንቀሳቀስ። እስከ ሃያ ቁጠሪና ልቀቂ። እንደዚያው ተኝተሽ መቀመጫሽን ከመሬት ወደ ላይ አንሺ፣ ቆየት ብለሽ አውርጂ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሠራሽ በኋላ ቁመሽ ግድግዳ እየያዝሽ ወደ ጎን መራመድ፣ ከዚያ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውጣትና በዝግታ መውረድ ትጨምሪያለሽ፣ ዳሌሽ ወደ ጎን እንዳይሸሽ መስታወት ፊት ብትሆኚ ጥሩ ነው። ስትሠሪ ትንሽ ቢያምሽ አይጎዳሽም። ልኩን የምታውቂው በሌሊቱ ነው፦ ያን ሌሊት ሕመሙ ከወትሮው ከበረታ አብዝተሻል፣ ቀንሺ። ጉልበትን ወደ ተቃራኒው ትከሻ ስቦ መለጠጥ የሚባለውን ግን አትሥሪ። በቪዲዮ ሁሉ ይመክሩታል፣ ለአንቺ ግን ያው መጨፍለቁ ነው። ጅማት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ስጪው።

ወጌሻን አልንቅም፤ የተጣመመ ጣት ሲያቃኑ ያየሁ ሰው ነኝ። ግን እዚህ ላይ የሚቃና ነገር የለም። የተቆጣ ጅማትን በአውራ ጣት አጥንቱ ላይ እየጫኑ ማሸት ሕመሙን ያብሰዋል። አትሂጂ።

ነርቭ ላለሽ ሰው ደግሞ እንዲህ በዪው። ከወገብ የሚወርደው የሳያቲክ ነርቭ የሰውነታችን ወፍራሙ ነርቭ ነው፣ አውራ ጣት ያክላል። መንገዱ በመቀመጫ መሃል አልፎ በጭን ኋላ ነው። እሱ ሲነካ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ ከጉልበት አልፎ ይወርዳል፣ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል፣ ስታስይና ስታስነጥሺ ይብሳል። ይህ የለሽም። መቀመጫ ላይ መርፌ ሲሰጥ ላይኛው የውጭ ሩብ ላይ ነው የሚባለውም ይህን ነርቭ ለማምለጥ ነው፤ በተሳሳተ ቦታ ተወግቶ የእግሩ መርገጫ ወደ ታች የተንጠለጠለ ልጅ አክሜአለሁና የሚወጋሽ ሰው ቦታውን ሲለካ ካላየሽ ከመጠየቅ አትፈሪ። የጭንሽ ውጫዊ ቆዳ ብቻ የሚደነዝዝሽና የሚያቃጥልሽ ከሆነ ግን ሌላ ትንሽ ነርቭ ናት፣ በዳሌ ጠርዝ ፊት ለፊት የምታልፍ። ቀበቶ ወይም መቀነት ማጥበቅ፣ እርግዝናም ያስቆጧታል።

ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ የምትሄጂባቸውን ምልክቶች ልንገርሽ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከሕመሙ ጋር ከመጡ፤ አጥንትንና መገጣጠሚያን የሚይዝ ቲቢ እኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው። እግርሽን ጭራሽ መርገጥ ካቃተሽ። ብሽሽትሽ ላይ የማይለቅ ሕመም ከጀመረሽ፣ በተለይ ለረጅም ጊዜ የኮርቲዞን ክኒን ወስደሽ ከሆነ፤ የኳሱ ደም ዝውውር ሲቋረጥ መጀመሪያ ላይ ራጅ አያሳየውም፣ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። በጭኖችሽ መሃል ከደነዘዘሽና ሽንት ከከለከለሽ ደግሞ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ወደ እናትሽ ልመለስ። «ዳሌዋ ተሰበረ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው ዳሌው አይደለም፣ የጭን አጥንት ላይኛው ጫፍ ነው፣ ብዙ ጊዜም አንገቱ። ያ ሰው ሲወድቅ እግሩ አጥሮ፣ መርገጫው ወደ ውጭ ዞሮ ታገኚዋለሽ። ኳሱን የሚመግቡት ዋና የደም ስሮች በዚያች ቀጭን አንገት ላይ ተለጥፈው ነው ወደ ላይ የሚወጡት። አንገቱ ሲሰበር አብረው ሊበጠሱ ይችላሉ፣ ያኔ ኳሱ ይራባል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ጠግኖ ከመጠበቅ ኳሱን መተካት የሚመረጠው። የእሷ ነገር የአጥንት መሳሳት ነው፣ የአንቺ የጅማት። አይገናኙም። ግን የወላጅ የዳሌ ስብራት ለልጅም የአጥንት መሳሳት ስጋት ስለሚጨምር፣ የወር አበባሽ ሲቆም ስለ አጥንትሽ ጥንካሬ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ እናቴ ተሰብራለች ማለትን እንዳትረሺ።

ዱካው ላይ ግን እምቢ በያት፣ ቢያንስ የቀዶ ሐኪሟ ፈቅጃለሁ እስኪል። ዱካ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይሆናል፣ ከዚያ ላይ ወደ ከሰሉ ማጎንበስ ሲጨመር አዲሱ ኳስ ከሲኒው ወደ ኋላ ሊወጣ ይችላል። በተለይ ከኋላ በኩል ተከፍቶ የተሠራላት ከሆነ። ለምን ያህል ጊዜ እንደምትጠነቀቅ የሚነግራችሁ የሠራላት ሐኪም ነው። ቡናውን ግን አትከልክሏት። መደገፊያ ያለው፣ ጉልበቷ ከዳሌዋ ዝቅ የሚልበት ወንበር ላይ አስቀምጧት፤ ረከቦቱንና የኤሌክትሪክ ምድጃውን ደልደል ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጉላት፣ ሳታጎነብስ የምትደርስበት ቦታ። መሬት የወደቀውን ሲኒ የሚያነሳላት ልጅ አጠገቧ ይኑር።